ከአዳራሹ እስከ ጣቢያው

አየለች ሆሳዕና ገበያ ቆጮ የምትሸጥ ሴት ናት። ባሏ ዋለ ደግሞ የቃጫ ገመድ ይገምዳል፤ በልቶ ሲጨርስ እንኳ ቆጮው የተጠቀለለበትን ኮባ አጥፎ በቃጫ የሚያስር ሥርዓተኛ ሰው። ቤቱ ሰው ሰብስቦ ጸለየ ተብሎ ከታሰረ ስምንት ወሩ ነው። መንግሥት ቸርቻቸውን አሽጎበት የት ይጸልይ ኖሯል? ክስ የለ፣ ፍርድ የለ።

በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት ቀበሌው ሕዝቡን አዳራሽ እየጠራ በረቂቁ ሕገ መንግሥት ላይ ለሳምንት አወያየ። አወያየ ማለት ሰብሳቢው ጓድ ገብረወልድ በመጀመሪያው ቀን ሦስት ሰዓት ሙሉ ብቻውን ለፈለፈ ማለት ነው። ከቅርቧ ከተማ ከዱራሜ ወዲያ አገር ረግጦ የማያውቅ ሰውዬ፣ የአሜሪካንን ጉድ ሲዘረዝር ጎረቤቱን የሚያማ ይመስል ነበር። “የሰው መብት ከአገር አገር ለምን ይለያያል? እዚያ መብት የከበርቴው ነው፣ እዚህ የሰፊው ሕዝብ!” አለ።

“በእኛ አገር ያለ ሕግ የሚታሰር የለም!” ብሎ ጠረጴዛውን ደለቀ። ተጨበጨበ። ማን ደፍሮ ዝም ይላል!

አየለች እጇን አወጣች። “ጓድ ሰብሳቢ፣ ፖሊስ ጣቢያው ከዚህ ሁለት መቶ እርምጃ ቢሆን ነው። ባሌ እዚያ ያለ ሕግ ታስሯል። መብት በአገር የሚለያይ ከሆነ፣ ድንበሩ የቱ ጋ ነው? መሃል ያለው ወፍጮ ቤት ጋ?”

ጸሐፊው ቃለ ጉባኤው ላይ “አንዲት ተሳታፊ ስለ ድንበር ጠይቀው ማብራሪያ ተሰጥቷቸዋል” ብሎ ጻፈ። ማብራሪያው “ቁጭ በይ!” የሚል ነበር።

በማግስቱ የጣቢያው ዘበኛ ለባሏ ያመጣችውን ቆጮ፣ ጎመንና አይብ መለሰባት። “ለዋለ ስንቅ አይገባም ተብሏል። እስኪ ምላስሽን ላኪለት!” አላት። የኛ መንግሥት ያስራል እንጂ አያበላም፤ እስረኛ የሚበላው ከቤቱ የመጣለትን ነው። አየለች ጥቅሉን ታቅፋ ደጁ ላይ ተቀመጠች።

ስንቅ ይዘው የተሰለፉት ሴቶች ሁሉንም ሰምተዋል። ወንድሟ ከዋለ ጋር የታሰረባት ዘነበች ጎንበስ ብላ “አምጪው” አለቻትና ጥቅሉን ከነኮባው ሰሃኗ ውስጥ ከተተችው። ሌላዋ ጎመኑን ወሰደች፣ ሌላዋ አይቡን። ያ ደደብ ዘበኛ የሚያጣራው ስም ብቻ ነው፤ ቆጮ ደግሞ ስም የለውም።

ቀትር ላይ ባዶ ሰሃኖቹ ወጡ። ዘነበች ክዳኑን ከፍታ አሳየቻት። ታጥፎ በቃጫ የታሰረ ኮባ ነበር።

አየለች ቅጠሉን ጉያዋ ከታ አለቀሰች። ከዚያ እንባዋን በነጠላዋ ጠረገችና “የነገው ውይይት በስንት ሰዓት ነው?” ብላ ጠየቀች።