በመመለሻችን የምናየው ሐይቅ

የጉዞውን ዕቅድ የጻፍኩባቸው አራት ገጾች አሁንም በጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ አሉ። አምቦ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የክፍልና የፈተና ድልድል ማውጣት ለዓመታት የእኔ ሥራ ነው፤ መምህራንን ሳላጋጭ ዓመቱን ሙሉ የማሠማራ ሴት ስድስት ሰው ለሰባት ቀን ማንቀሳቀስ ያቅተኛል ብዬ አላሰብኩም። ሰዓቱ፣ ርቀቱ፣ የምናድርበት ቤት፣ የእናቴ የዓይን ጠብታ የሚደረግበት ጊዜ ሳይቀር ተጽፏል። በመጀመሪያው ገጽ አናት ላይ «ቀን አንድ፦ ደንዲ» ይላል። ከጎኑ በታላቅ ወንድሜ እጅ የተሰመረ ቀይ ቀስት አለ፤ ከቀስቱ ጫፍ «ወደ ቀን ሰባት» ተብሎ ተጽፏል። ወረቀቱን እስከ ዛሬ ያልቀደድኩት ለዚያ ቀስት ስል ነው።

ጉዞው የታሰበው ለእናቴ ነበር። ሐኪሙ ሕመሙ የዓይን ግፊት መሆኑን፣ የጠፋው ብርሃን እንደማይመለስ፣ የቀረውም በቁልፍ ቀዳዳ እንደማየት ያለ መሆኑንና እሱም ብዙ እንደማይቆይ ሲያስረዳን እስከ መጨረሻው ሰማችው። ከክሊኒኩ ስንወጣ ክንዴን ይዛ «ኢንታላ ኮ፣ እንግዲያስ ደንዲን አንድ ጊዜ ልየው» አለችኝ። ልጄ ማለቷ ነው፤ ከልቧ ስትናገር ወደ ኦሮምኛ ትሻገራለች። የተወለደችው ከሐይቁ በላይ፣ ጠርዙ ላይ ነው። በአሥራ አምስት ዓመቷ ተድራ አምቦ ከገባች ወዲህ ወደዚያ የወጣችው ለለቅሶ ብቻ ነበር፤ ለቅሶ ሄዳ ደግሞ ቆማ ሐይቅ አላየችም። እኛን ልጆቿን ለራሷ ብላ የጠየቀችን ነገር ቢኖር ይህ ብቻ ነው።

ወንድሜ የሚኖረው አዲስ አበባ ነው፤ መኪናው የእሱ ነው። ጥምቀትን ከሚስቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር እኛ ዘንድ ውሎ በማግስቱ አብረን እንድንነሳ ተስማማን። ልጆቹ ከተማ ይፈልጋሉ፤ ስለዚህ አዲስ አበባን፣ አዳማንና ሐዋሳን አስገባሁ፤ በየመካከሉም የገጠር ውሎ አኖርኩ። ደንዲን ያስቀደምኩት ጊንጪ ከአምቦ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ ስለሆነች ነው፤ ከእሷ ተገንጥሎ ሽቅብ መውጣት ብቻ ነበር። ወረቀቱን ስሰጠው ገና ከመጀመሪያው ገጽ ሳቅ ጀመረ።

«አንቺ ልጅ፣ በደወል ልትነጂን ነው እንዴ? ሽንት የምንሸናበት ሰዓትስ የት አለ?»

«ገጽ ሁለት ላይ ነው፣ ጋሼ» አልኩት። እውነትም ነበረ።

ሚስቱ ከት ብላ ሳቀች። እሱ እስክሪብቶውን አወጣ። «መኪናውን ገና ቀለም አስቀብቼ ማምጣቴ ነው፤ ሳንነሳ አቧራ ውስጥ ልዶለው? ደንዲ እንደሆነ የትም አይሄድ። በመመለሻችን እናየዋለን።»

የሚሄደው የእማዬ ዓይን ነው ማለት ነበረብኝ። ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እናቴ ግን «እንደሚመቻችሁ ይሁን» አለች፤ እኔም ቃሏን አክብሬ ዝም አልኩ። ጨዋነት ብዬው ነበር። ዛሬ ሌላ ስም አለኝ ለእሱ።

ሁለተኛው ጥፋት ሙሉ በሙሉ የእኔ ነው። ከመነሳታችን በፊት ጊንጪ ወደሚኖሩት የእናቴ ታናሽ ወንድም ደውዬ መንገዱ ለመኪና ይሆን እንደሆነ ጠየቅሁ። በእኛ አገር ግን ለታላቅ ሰው ተደውሎ ጥያቄ ብቻ ተጠይቆ አይዘጋም፤ ምክንያቱን ነገርኩ፣ ቀኑን ነገርኩ። አጎቴ መንገዱ ደህና መሆኑን ነገሩኝና በስልኩ ውስጥ አለቀሱ። ያን ጊዜ መጠርጠር ነበረብኝ።

ከተሞቹን በዝርዝር አልጽፍም። አዲስ አበባ በአንድ የገበያ ማዕከል ወንድሜ እናቴን በተንቀሳቃሹ ደረጃ ካላወጣሁ ብሎ ያዛት። እግሯን የምታሳርፍበት ጠርዝ ስላልታያት ሰው ሁሉ እያያት ተገትራ ቀረች፤ ከኋላዋ የተሰለፉት ከንፈር መጠጡላት። እሷ ያን ያህል ዘመን ኖራ ከንፈር ተመጥጦላት አያውቅም። ሐዋሳ ደግሞ ውኃው ዳር አቁሞ «ይኸው ሐይቅ! ሐይቅ ሐይቅ ስትዪ አልነበር?» አላት። «ያምራል» አለች በትሕትና። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ «የሰው ነው» አለች። የሰማኋት እኔ ብቻ ነኝ።

በሰባተኛው ቀን፣ ቅዳሜ፣ ከአዲስ አበባ ማለዳ አንድ ሰዓት ላይ መነሳት ነበረብን። ወንድሜ መኪናውን ካላሳጠብኩ አለ፤ አቧራ ላይ ሊወጣ። አዲስ ዓለም ስንደርስ ልጆቹ ራባቸው። ጊንጪ የገባነው ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ያም ቢሆን ይበቃን ነበር፤ በዕቅዴ ውስጥ ለመዘግየት ብዬ የተውኩት ሰዓት ገና አላለቀም ነበር።

አጎቴ አስፋልቱ ዳር ቆመው ይጠብቁናል። በግ ታርዷል። የገብስ ዱቄቱ ጩኮ በቅቤ ርሶ በገበታ ቀርቧል። ጎረቤት ሁሉ ነጭ ለብሶ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል።

«ኤሱማ፣ አይተን ስንመለስ ብንበላስ?» አልኩ። አጎቴን ሁላችንም በኦሮምኛ እንዲህ ነው የምንጠራቸው።

«በባዶ ሆድ ሐይቅ ይታያል? ታኢ! ተቀመጪ መምህሯ!»

«ደወል አልተደወለማ!» አለ ወንድሜ፤ ቤቱ በሳቅ ተሞላ።

ተቀመጥኩ። በላን። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ልነሳ ስል አጎቴ እጄን ያዙ። «እቴ ሳትመረቅ ከቤቴ አትወጣም። ዓይኗን የሚመርቁ አባት ጠርቻለሁ።» በእኛ ዘንድ እንግዳ ምርቃት ሳይቀበል አይነሳም፤ መራቂው ሽማግሌ ደግሞ ገበያ ናቸው። ጠበቅናቸው። ጥበቃው ባዶ እንዳይሆን ሁለተኛ ሳህን ቀረበ። እኔም በላሁ። ይህን ልጽፈው የሚያሳፍረኝ ነው፤ በሩ ክፍት፣ ፀሐይዋ ገና ከፍታ ላይ፣ እናቴ አጠገቤ፣ ወረቀቱ ቦርሳዬ ውስጥ፣ እኔ ግን እንዳልሰደብ ስል ሥጋ አኝካለሁ።

ሽማግሌው አሥር ሰዓት ካለፈ በኋላ መጡ። ሰላምታ ሰጡ፣ እጃቸውን ታጠቡ፣ ጠላ ቀመሱ፣ የገበያውን ነገር አወሩ። ከዚያ ተነሥተው መረቁ። የሰው፣ የከብት፣ የዝናብ፣ የአገር ምርቃት አልፎ በመጨረሻ ወደ እናቴ ደረሰ።

«ዓይንሽ ይብራ!»

«አሜን!» አለ ቤቱ።

«ያላየሽውን እይ!»

«አሜን!»

አሜን እያልኩ ግድግዳው ላይ ያረፈውን ብርሃን አያለሁ። መጀመሪያ ቢጫ ነበር፤ ኋላ ቀላ፤ ኋላ ከግድግዳው ወረደ።

ከጊንጪ ወጥተን ጥርጊያውን መንገድ ስንይዝ አሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ አልፏል። ግማሽ መንገድ ላይ ፀሐይ ጠለቀች። ወንድሜ መኪናውን አቆመ። «ብንወጣም የምናየው ጨለማ ነው» አለና አዞረው። እናቴ መስኮቱን አስከፈተችና ፊቷን ወደ ውጭ አወጣች። «ቀርበን ነበር» አለች፤ «ነፋሱን አውቀዋለሁ።» ወንድሜ ራዲዮኑን ከፈተ።

በሌላ ቅዳሜ እወስዳታለሁ ብዬ ለራሴ ማልኩ። ከዚያ ወዲህ የአካባቢያችን ነገር እንዴት እንደሆነ የኖረበት ያውቀዋል፤ መንገዱ አንድ ሰሞን ሲከፈት አንድ ሰሞን ሲዘጋ፣ ጠዋት የወጣ ማታ መግባቱ ሲያጠራጥር፣ ዓይኗ የታመመ አሮጊት ይዞ ገጠር የሚወጣ አልነበረም። በሁለተኛው ዓመት የቁልፍ ቀዳዳውም ተደፈነ። የጎረቤት ሴቶች «ደንዲንስ አየሽው?» ሲሏት «አየሁት፤ ልጆቼ ወስደው አሳዩኝ» ትላለች። ስማችን እንዳይነሳ ነው። ይህን በተናገረች ቁጥር ተነሥቼ ወደ ጓዳ እገባለሁ።

ዘንድሮ ከጥምቀት በፊት ወንድሜ በቤተሰቡ ቴሌግራም ላይ ጻፈ፦ «የዘንድሮን ጉዞ ፕላን አንቺው አውጪልን። ቢሾፍቱ ይግባበት፤ እማዬን ሐይቅ እናሳያት።» እናሳያት! ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ቢያንስ ረስቶ ነው እንዳልል፣ ለዓይኗ ጠብታ መግዣ ስደውልለት የኖርኩት እኔ ነኝ። መልስ አልጻፍኩም። መንገዱ ሰላም ነው የተባለበት ሰሞን ስለነበር ኮንትራት መኪና ያዝኩና፣ በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ እናቴን አስነሥቼ ወጣን። ለማንም አልደወልኩም። አንዲት መስመር እንኳ አልጻፍኩም።

የጊንጪን ሁካታ ስትሰማ «ወንድሜ ቤት ደረስን?» አለችኝ።

«አልፈነዋል።»

ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገች። እንዲህ ያለ ነውር በዘመኗ አልሠራችም።

ከላይ ስንደርስ ሦስት ሰዓት አልሆነም። ሐይቁ ከእግራችን ሥር ነበር፤ ጎን ለጎን የተያያዙ ሁለት ክብ ውኃዎች፣ አንድ ደመና እንኳ የሌለባቸው። እናቴን ከመኪናው አውርጄ፣ የት እንደሚያቆም ለሾፌሩ ልነግረው ፊቴን መለስ አደረግሁ። ስዞር ነጠላዋን አስተካክላ፣ ቀጥ ብላ ቆማ ፈገግ ብላለች። ፈገግ ያለችው ለታጨደ የገብስ ማሳ ነው። ሐይቁ ከጀርባዋ ነበር።

ሁለት ትከሻዋን ይዤ አዞርኳት።

«አዎ» አለች። «አሁን ነፋሱ መጣ።»

ስልኬ ጮኸ። አጎቴ ናቸው። ሰው አይቶን ነግሯቸዋል። «በደጄ አለፋችሁ? እኔ ሞቼ ነው?» ድምፃቸው ውስጥ ቁጣም ነበር፣ ልመናም።

«አልፈናል፣ ኤሱማ» አልኩ። «ስንመለስም እናልፋለን።»

እናቴ እጇን ወደ ድምፄ ዘረጋች። ስልኩን ወስዳ ይቅርታ ልትጠይቅልኝ ነው ብዬ ስልኩን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩ። እሷ ግን «ዝጊው» አለች። «ዝጊውና ከግራ ጀምረሽ ንገሪኝ።»

ከግራ ጀመርኩ። ገደሉን፣ በዳርቻው የወረዱትን ከብቶች፣ ሁለቱ ውኃዎች የሚገናኙበትን ጠባብ ቦታ እየዘረዘርኩ ስናገር ድምፄ የሚጣላ ሰው ድምፅ ነበር፤ ላለዝበው ብሞክር አልሆነልኝም። እናቴ ክንዴን ጫን አደረገችው።

«ቀስ በይ» አለችኝ። «አሁን እኮ የሚጠብቀን ሰው የለም።»