የዳማው ግራ ጆሮ

ፈረስ ማስጋለብ ቀላል ነው። ጎኑን ኮርኮር አድርገህ ዛቡን ከለቀቅህለት ራሱ ይወስድሃል፤ ካንተ የሚጠበቀው አለመውደቅ ብቻ ነው። ሥራው ያለው ማዝገሙ ላይ ነው። ሰው በእግሩ ከሚሄደው ባነሰ እርምጃ፣ ሳይቆሙ፣ ሳይደናበሩ፣ በሰውና በዕቃ መካከል ፈረስ ይዞ ማለፍ በደብረ ታቦር ገበያ ጠባቂዎች ዘንድ እንኳ ጥቂቶች ብቻ የሚችሉት ነበር። አባቴ አንዱ ነበሩ። እኔ አልነበርሁም።

አባቴ ቅዳሜ ቅዳሜ በገበያው እየዞሩ ሌባ የሚይዙ፣ ጠብ የሚገላግሉ ፈረሰኛ ነበሩ። የምናርሰው መሬትም የተሰጠን ለዚሁ አገልግሎት ነው። ፈረሰኛ ሲሞት ቦታውን የሚተካ ልጅ ከሌለው መሬቱ ለሌላ ፈረሰኛ ይሰጣል። አባቴ ክረምቱ እንደ ወጣ በትኩሳት ታመው ሞቱ። የፈረሰኞቹ አለቃ ባልደራሱ ለቅሶ ደርሰው ሲነሡ እናቴን ወደ ጎን ጠሯት።

«ወንድ ልጅ አለሽ። በአምስተኛው ቅዳሜ በሸክላ ተራ ያልፋል፤ ጫፍ ደርሶ ዞሮ ይመለሳል። አንድ ገንቦ ሳይሰብር ከወጣ መሬቱ የእናንተው ነው» አሏት።

ሸክላ ተራ የገበያው ጠባብ ቦታ ነው። ግራና ቀኙ ገንቦ፣ እንስራ፣ ጋን ነው፤ መካከሉ አንድ ፈረስ ቢያሳልፍ ነው። እኔ ደግሞ ያኔ በሰፊ መስክ እንኳ ፈረስ ቀጥ አድርጌ መንዳት የማልችል፣ ለወሬ ግን የማልታማ ጎረምሳ ነበርሁ።

ሌላም ጣጣ ነበረ። በለቅሶው ዕለት የአባቴ ፈረስ፣ ዳማው፣ እንደ ወጉ ተጭኖ፣ ኮርቻው ላይ ጋሻቸውና ለምዳቸው ተደርጎ፣ በለቀስተኛው መካከል ሦስት ጊዜ ዞሯል። እንዲህ ለቅሶ የዞረ ፈረስ ደግሞ የሟቹ አርባ ሳይወጣ ማንም አይቀመጥበትም። አምስተኛው ቅዳሜ የሚውለው ከአርባው በፊት ነው። ከዳማው በቀር ፈረስ የለንም።

«ተው ልጄ» አለች እናቴ፣ ኮርቻውን ከተሰቀለበት ሳወርድ አይታ። «ኮርቻው ገና ባዶ አይደለም።»

«መሬቱ የተወሰደ ዕለት ባዶ ይሆናል!» አልኋትና ጫንሁት። እንደዚያ መመለሴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ባልደራሱ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ባለው መስክ አሮጌ ገንቦና የተሰበረ እንስራ በሁለት ረድፍ ደርድረው ጠበቁኝ። ጠዋት ጠዋት ጭጋጉ ከጉና ይወርድና መስኩን ይሞላዋል፤ የረድፉ መጨረሻ አይታይም። ገባሁ። ሦስተኛውን ገንቦ አየሁት፣ ፈራሁት፣ ዳማው ሄዶ ረገጠው።

«ዓይንህን አንሣ!» ሲሉ ጮኹ። «የምትወጣበትን እይ እንጂ ገንቦውን አትይ! ዓይንህ ሲዞር ትከሻህ ይዞራል፤ ትከሻህ ሲዞር ጭንህ ይዞራል፤ ፈረሱ የሚሰማው ጭንህን ነው።»

ነገሩ ገብቶኛል። ግን ገንቦ እንዳትሰብር የተባለ ሰው ገንቦ ሳያይ እንዴት ይሄዳል? ሁለት ሳምንት ሙሉ ሰበርሁ።

ጆሮውን ያስተዋልሁት በሦስተኛው ሳምንት ነው። የዳማው ቀኝ ጆሮ እንደማንኛውም ፈረስ ጆሮ ወዲያ ወዲህ ይላል። ግራው ግን ወደ ኋላ ተጠምዝዞ፣ ትንሽ ዘንበል ብሎ፣ አጠገቡ የሚሄድ ሰው አፍ ላይ እንደ ተደገነ ይቆያል። አወቅሁት። አባቴ በመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት ጉልበታቸው እምቢ ስላላቸው ፈረስ ላይ መውጣት አቅቷቸው ነበር። ገበያውን የሚዞሩት በዳማው ግራ በኩል እያነከሱ፣ እጃቸውን ጋማው ላይ ጣል አድርገው፣ እያወሩለት ነበር። ምን እንደሚያወሩት ማንም አልሰማም። ማታ ቤት ሲገቡ እኔን «በላህ?» ይሉኛል፤ በዚያው ያበቃል። በፈረስ መቅናት ያሳፍራል፤ እኔ ግን ቀንቻለሁ።

የዚያን ዕለት ባልደራሱ የተሰበሩትን ገንቦዎች ዞረው አዩና ግንባራቸውን ቋጠሩ።

«ሁልጊዜ የምትሰብረው የቀኙን ረድፍ ነው። ግራውን አንድ ቀን ነክተኸው አታውቅም። ይህን ሁሉ ቦታ ለማን ነው የምትተወው?»

ይህን ብለው የዳማውን ግራ ጎን አዩ። ጆሮውንም አዩ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ዛሬ ይበቃል» አሉና አማትበው ሄዱ። ጭጋጉ ውስጥ ከዳማው ጋር ብቻችንን ቀረን። «ብቻችንን» የምለው ሌላ ቃል ስላጣሁ ነው። ፈርቻለሁ፤ ከፍርሃቱ ጋር ግን ንዴት ነበረብኝ፦ ሞተውም የሚያወሩት ከፈረሱ ጋር ነው!

አምስተኛው ቅዳሜ ደረሰ። ገበያው ሞልቷል፤ ጭጋጉ ግን ገና አልተነሣም። ሸክላ ተራ ስገባ ሻጮቹ ሴቶች ልብሳቸውን ሰበሰቡ። ዳማው እንደ ልማዱ ቀኙን ተጠግቶ ያዘግማል፤ እርካብ የያዘው የቀኝ እግሬ አውራ ጣት የእንስራዎቹን ሆድ እየነካ ያልፋል። አንዱም አልወደቀም። ጫፍ ደረስን። መዞሪያው ላይ ባዶ መሆን በነበረበት ቦታ አንድ ትልቅ ጋን ቆሟል።

ዓይኔ ጋኑ ላይ ተተከለ። ማንሣት አቃተኝ። ዳማው ወደ ጋኑ አንድ እርምጃ ሄደ፣ ሌላም ጨመረ። እናቴ ታየችኝ፤ ቤታችንን ለማናውቀው ሰው ለቅቃ ስትወጣ።

በዚህ መካከል የዳማው ግራ ጆሮ ዓይኔ ሥር ተንቀሳቀሰ። የሆነ ነገር እንደ ሰማ ቀጥ አለ። ከፍርሃት ይሁን ከቅናት አላውቅም፣ ምን እንደሚባል እኔም ልስማ ብዬ አንገቴን ሙሉ በሙሉ ወደ ግራ አዞርሁ።

ማንም የለም። ግን በጋኑና በገንቦዎቹ መካከል፣ ስመጣ ያልነበረ፣ አንድ ሰው ከነፈረሱ የሚያሳልፍ ክፍት ቦታ ነበረ። ዓይኔ እዚያ ሲያርፍ ትከሻዬ ዞረ፤ ዳማው ባለበት እጥፍ ብሎ ዞረና በክፍቱ በኩል አለፈ። አንዲት ሸክላ ሻጭ ወደ ራሷ የሳበችውን ገንቦ እንዳቀፈች ቀና ብላ አየችኝ።

«እለፍ ልጄ፣ እለፍ። ሽማግሌው አልፈዋል።»

«የቱ ሽማግሌ?»

«ከፈረሱ ጋር እየተጫወቱ የሄዱት ናቸዋ። የሚያነክሱት።»

እንዴት እንደ ወጣሁ አላስታውስም። ባልደራሱ ከተራው መውጫ ላይ ቆመው ነበር። «መሬቱ የእናንተ ነው» አሉኝ። ሲሉኝ ግን የሚያዩት እኔን አልነበረም፤ በግራዬ በኩል ወዳለው ባዶ ቦታ ትንሽ ዝቅ ብለው እጅ ነሡ።

ቤት ገብቼ ለእናቴ ነገርኋት። አለቀሰች፤ ከዚያ እንባዋን ሳትጠርግ «ምን አሉህ?» አለችኝ።

«ለእኔማ ምን ይሉኛል? የሚያወሩት ለፈረሱ ነው።»

በሐዘኑ መካከል ፈገግ አለች። «ቦታ ያስለቀቁት ለፈረሱ መሰለህ?» አለችኝ።

ያን ሌሊት ሙሉ ይህንኑ ሳስብ አደርሁ። የአርባው ዕለት ዳማውን አልጫንሁትም። ከፍትሐቱ በፊት ወደ መስኩ ወሰድሁትና በቀኝ በኩል ሆኜ በእግሬ አብሬው ዞርሁ፤ ግራውን ለባለቤቱ ተውሁ። ለአባቴ ልነግራቸው ስፈልግ የኖርሁትን ሁሉ በዳማው አንገት ማዶ ተናገርሁ። መቅናቴንም ነገርሁ። ግራ ጆሮው ወደዚያ፣ ቀኝ ጆሮው ወደ እኔ ነበር።

በማግስቱ ጭኜ ስወጣ ሁለቱም ጆሮዎች ወደ ፊት ነበሩ። መስኩ ላይ በተደረደሩት ገንቦዎች መካከል ቀጥ ብለን አለፍን፤ ግራውም ቀኙም እኩል ራቀን። ባልደራሱ «አሁን ገና ቻልህ!» ብለው አጨበጨቡ። እኔ ኮርቻው ላይ አንገቴን ደፍቼ አለቀስሁ።

ዛሬ ዳማውም የለም፤ በሌላ ፈረስ ነው የምዞረው። በገበያ ሳልፍ ግን በግራዬ የአንድ ሰው ቦታ እተዋለሁ። ሴቶቹ መንገድ አጣበብህ ብለው ይቆጡኛል። ይቆጡ።