አንዲት ነጥብና የመረጥኩት ታብሌት

ያቺን ነጥብ ያጠፋት መዳፌ ነው ወይስ መጀመሪያውኑ አልጻፍኳትም? ስምንት ዓመት ሙሉ ራሴን ጠይቄ መልስ አላገኘሁም። በቅርቡ አንዲት የሕክምና ተማሪ ኮሪደር ላይ አስቁማኝ፣ «ዶክተር፣ በእጅ ኖት ለመጻፍ የትኛው ታብሌት ይሻለኛል?» ስትለኝ፣ «ደብተር ምን አነሰው?» ብዬ አለፍኳት። ጥቂት እንደሄድኩ አፈርኩ። በመቐለ ከተማ ታብሌት ሲመርጥ የእኔን ያህል የተጨነቀ ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ትምህርት የጀመርኩት በአሥራ አንድ ዓመቴ ነው። አሥራ ሁለተኛን ከጨረስኩ በኋላም ሕክምና እስክገባ አራት ዓመት ፋርማሲ ውስጥ በረዳትነት ሠርቻለሁ። እዚያ ከቆምኩባቸው ቀኖች የተማርኩት አንድ ነገር ቢኖር፣ የተጭበረበረ የሐኪም ማዘዣ ይዞ የሚመጣ ሰው ከሌላው ይልቅ ፈገግታ የሚያበዛ መሆኑን ነው። ስለዚህ ደግነት ሲበዛብኝ ቆም ብዬ አያለሁ።

የክፍል ጓደኞቼ ሃያና ሃያ አንድ ዓመት የሆናቸው ልጆች ስለነበሩ «እትዬ» ይሉኝ ነበር። ኖቴ የባቹ ሁሉ ኖት ነበር። የመድኃኒቱን ስም በቀይ፣ መጠኑን በሰማያዊ እጽፋለሁ፤ ያልገባኝን መምህሩ በር ላይ ሳይደርስ ተከትዬ እጠይቃለሁ። ከፎቶ ኮፒ ቤት ወጥቶ ሦስተኛው ሰው ጋ ሲደርስ ግን ፊደሉ ተበልቶ ያልቃል።

«ታብሌት ግዢና በቴሌግራም ላኪልን እንጂ እትዬ» አለችኝ ሜሮን። ሜሮን ከሐዋሳ የመጣች፣ ሁልጊዜ ከጎኔ የምትቀመጥ፣ አፏ የማያርፍ ልጅ ናት። የሕፃናት ሐኪም ከመሆን በቀር ሌላ ሐሳብ አልነበራትም፤ የእጅ ጓንት ነፍታ ለታመሙ ሕፃናት የዶሮ ቅርጽ ትሠራላቸው ነበር። እኔ ግን፣ «ይህቺ ልጅ ስለ ኖቴ ለምን ይህን ያህል ተጨነቀች?» እያልኩ አሰላስላለሁ።

መስከረም ላይ አብረን ሓድነት ክፍለ ከተማ ወደሚገኝ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ሄድን። መንገዱ ዳር በለስ የሚሸጡበት ወቅት ነበር። ሜሮን ስድስት በልታ ጣቷ ተጣብቆ ስለነበር፣ ባለሱቁ ሃፍቶም መስታወቱን እንዳትነካ በዓይኑ ይጠብቃታል። ሁለት ታብሌት አወጣልኝ። አንደኛው ያገለገለ ቢሆንም ጥሩ ነው፤ መዳፌን ባሳርፍበት ዝም ይላል፣ የሚሰማው ብዕሩን ብቻ ነው። ነገር ግን ጀርባው ላይ የተለጠፈ ነገር በምላጭ ተፍቋል።

«ማን ነው የፋቀው?» አልኩት።

«ባለቤቱ። መሐንዲስ ነው፤ ወደ ውጭ ሊሄድ ሲል ሸጠልኝ።»

«ዕቃውን የሚሸጥ ሰው ሁሉ መሐንዲስ ነው? ሁሉስ ወደ ውጭ ነው የሚሄደው?»

ሁለተኛው ካርቶኑ ያልተከፈተ፣ ስሙን ሰምቼው የማላውቅ ነበር። አስከፍቼ በሁለቱም ላይ «ኩላሊት» የሚለውን ቃል ሃያ ጊዜ ያህል ጻፍኩ። ሃፍቶም ትዕግሥቱ አለቀ።

«ሓፍተይ፣ እህቴ፣ ልትገዢው ነው ወይስ ልታገቢው?»

«ለባልማ ይህን ያህል አትጠይቅም» አለች ሜሮን።

ሃፍቶም ስቆ ሲያበቃ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «አዲሱ መዳፍም ይሰማዋል፤ ሲነካው አንዳንዴ የመጨረሻውን ጭረት መልሶ ያጠፋል። ነግሬሻለሁ» አለኝ። ሜሮንም ያገለገለውን እንድወስድ ለመነችኝ። ሁለቱ መስማማታቸው ራሱ አስጠረጠረኝ። የተሰረቀውን ሊያሸክሙኝ ነው ብዬ አዲሱን ገዝቼ ወጣሁ።

ሰውየው ያለው እውነት ሆኖ ተገኘ። ተሳስቻለሁ ማለት ግን ሞት መስሎ ታየኝ። መዳፌ መስታወቱን እንዳይነካ የጥጥ ካልሲ ጫፉን ቆርጬ እንደ ጓንት አጠለቅኩና በዚያ መጻፍ ጀመርኩ። ልጆቹ ሳቁብኝ፤ ኖቱን ግን በየቀኑ ይጠብቁታል።

ግንቦት ላይ ሙቀቱ ጠንክሮ ካልሲውን ያወለቅኩበት ቀን ነበር። የሕፃናት መድኃኒት መጠን ትምህርት ላይ ነን። እኔ አሃዞቹን አስቀድሜ በመሃላቸው የምትገባዋን ነጥብ በመጨረሻ የማሳርፍ ሰው ነኝ። ማታውን ኖቱን ላክሁላቸው።

በሳምንቱ ዋርድ ዙር ላይ ትልቁ ሐኪም ሜሮንን፣ «ጀንታሚሲን በኪሎ ስንት?» አሏት።

«ሃያ አምስት ሚሊግራም» አለች፣ ሳታመነታ።

መነጽራቸውን አወለቁ። «ሁለት ነጥብ አምስቱን ሃያ አምስት? የዚህን ልጅ ኩላሊት ልትቀብሪ ነው? ጆሮውንስ? እስክትማሪ ድረስ ከሕፃን አልጋ ራቂ!» አልጋው አጠገብ የነበረችው የሕፃኑ እናት አማርኛ አትሰማም፤ ቁጣው ግን ገብቷት ልጇን ወደ ደረቷ ሳበች። ሜሮን ያንን አየች።

ምሳ ሰዓት መጸዳጃ ቤት ገብቼ ታብሌቱን ከፈትኩ። «25» ይላል። ነጥቧን ጨመርኩ፤ የድሮውን ፋይል ከቴሌግራም ግሩፑ አጥፍቼ የታረመውን በዚያው ስም ላክሁ። ከሰዓት በኋላ ሜሮን ዓይኗ ቀልቶ መጣች።

«ኖትሽን መልሼ አየሁት እትዬ። ሁለት ነጥብ አምስት ነው የሚለው። እኔ ነኝ የደነቆርኩት።»

«አይዞሽ» አልኳት። ከአፌ ከወጡ ቃላት ሁሉ የከፋው እሱ ነው።

ከዚያ በኋላ እሷንም መጠርጠር ጀመርኩ። አውቃ እየፈተነችኝ ይሆን? የድሮው ፋይል ስልኳ ላይ ቀርቶ ይሆን? ሕፃናትን ትታ የውስጥ ደዌ ሐኪም ስትሆን ምክንያቱን አልጠየቅኳትም። መቐለ ስልክ በተቋረጠባቸው ዓመታት ሰው ሁሉ ስለ ወዳጁ ሲጨነቅ፣ እኔ ስለ እሷ እየተጨነቅኩ እንኳ፣ ደውላ ስለማትጠይቀኝ ልቤ በአንድ በኩል አርፎ ነበር። ይህንን መጻፍ ያሳፍረኛል።

ተማሪዋ ታብሌት በጠየቀችኝ ሳምንት ሜሮን ለሥልጠና መቐለ መጣች። ስትመለስ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ልሸኛት አብሬያት ሄድኩ። ቁሓ ልንደርስ ስንል ሁሉንም ነገርኳት፤ ካልሲውን፣ ነጥቧን፣ መጸዳጃ ቤቱን።

«ሃያ አምስት ነበር የሚለው?» አለች።

«አዎ።»

«ተጽፎ? ያየሁት እሱን ነው?»

«እሱን ነው ሜሪዬ።»

«እኔ መድኃኒት ሳዝ ነርሷን ጠርቼ መጠኑን ጮክ ብላ እንድታነብልኝ አደርጋለሁ» አለች። «ትንሽ ትልቁን ሁሉ። ይስቁብኛል። ዓይኔን ስለማላምነው ነበር።»

ሻንጣዋን ላግዛት እጄን ስዘረጋ፣ «ተዪው፣ እኔ እይዘዋለሁ» ብላ ገባች። ዞራ አላየችኝም፤ እስካሁንም አልደወለችም። እኔም ይቅርታ እስክሰማ ብዬ ስልኬን አልጠብቅም። የምመኘው፣ ዛሬ በሆነ ዋርድ ውስጥ አንድ ቁጥር አይታ፣ ማንንም ሳትጠራ፣ ልክ ነው ብላ እንድትፈርም ነው።