አባቴ ጠግቦ የመጣበት እሁድ

ሽንኩርት ያለ ዘይት ሲቁላላ የሚያወጣው ሽታ ከጎረቤት ተሻግሮ ጓዳዬ ሲገባ፣ የያዝኩትን ሥራ ትቼ እነሣለሁ። የምሄድበት ቦታ የለኝም፤ እስከ በሩ ደርሼ፣ መንገዱን አይቼ፣ ተመልሼ እቀመጣለሁ። ልጆቼ «ማንን ነው የምትጠብቂው?» ይሉኛል። ማንንም አልጠብቅም። ይህ አመል ከከሚሴ፣ ከልጅነቴ እሁዶች የተረፈኝ ነው።

አባቴ የከብት ነጋዴ ነበር። እሁድ እሁድ የሰንበቴ ገበያ ስለሚቆም ንጋት ላይ ሱብሒ ሰግዶ፣ የመጀመሪያው አይሱዙ ላይ ተሳፍሮ ይሄድና፣ አፋሮች ከቆላ የሚያመጡትን ግመልና ፍየል ከደጋ ከሚወርደው በሬ ጋር ሲያገበያይ ውሎ፣ ጀምበር አዘቅዝቃ መግሪብ ሲቃረብ አቧራ ለብሶ፣ ርቦት ይመለስ ነበር። በጋ ላይ የጨፋ ሜዳ በከብት ስለሚሞላ ገበያው ይደራል፣ አባቴም ሲመጣ ድምፁ ከርቀት ይሰማል። እናቴ እሱ ከበር እንደወጣ ድስቷን ትጥዳለች። ሽንኩርቱን በቀስታ አቁላልታ፣ በርበሬውን ጨምራ፣ ውሃ ጠብ እያደረገች ካበሰለችው በኋላ የግመል ሥጋውን ትከትበትና፣ እሳቱን አዳፍና ክዳኑን ትገጥማለች። የበሬ ሥጋ ቶሎ ይደርሳል፤ እሷ ግን «ቀኑን ሙሉ ለደከመ ሰው ቀኑን ሙሉ የበሰለ ነው የሚገባው» ብላ ከግመል ሌላ አትሠራም ነበር። እኔና ታላቅ እህቴ ሐያት ድስቱ ሲንተከተክ እየሰማን እንቁነጠነጣለን፤ አንዳችን ክዳኑ ላይ እጃችንን ከሰደድን «አትክፈቱ፣ ትንፋሹ ይወጣል» ትለናለች።

ክረምት ሲገባ የቦርከና ወንዝ ሞልቶ ሜዳው ላይ ይተኛና መኪና ይዘገያል። መኪና በመጣ ቁጥር እኔና ሐያት ወደ በሩ እየሮጥን፣ ሌላ ሰው ሲወርድ አይተን እንመለስ ነበር። እናቴ ወጡ እንዳያር ሙቅ ውሃ ጠብ ታደርግበታለች፣ ሲመጥ ደግሞ ትጨምራለች። አንዳንድ እሁድ አባቴ እዚያው ያድርና ሰኞ ሲመጣ «ጎርፉ ያዘኝ» ይላል፤ እኛም ጎርፉን በዓይናችን ስለምናየው እናምነው ነበር።

መስከረም ጠባ፣ መንገዱ ደረቀ፣ አባቴ ግን ማምሸቱን አልተወም። «ገበያው አመሸብኝ» ማለት ጀመረ። እናቴ ድስቱን ታወርዳለች፣ ታሞቃለች፣ መልሳ ታወርዳለች። እኔ ገና አሥር ዓመት ያልሞላኝ ልጅ ስለነበርኩ ምን እንደሆነ አላውቅም፤ ቤታችን ውስጥ ግን ሁሉም ሰው ጆሮው መንገድ ላይ እንደሆነ ይገባኝ ነበር።

ኅዳር ላይ፣ የጨፋ ማሽላ በሚታጨድበት ሰሞን፣ አንድ እሁድ በጊዜ መጣ። ደስ ብሎን ትሪውን ከበብን። እጁን ታጥቦ፣ ቢስሚላህ ብሎ አንድ ጎረሰ፤ ሁለተኛውን ጠቅልሎ ያዝ አደረገውና መልሶ ትሪው ላይ አኖረው። እናቴ እጁን አየች።

«አባ ሐያት፣ ማን አበላህ?» አለችው።

«ገበያ ላይ ቀማምሻለሁ።»

«ከገበያ ቀማምሰህ መጥተህ የኔን ሳትበላ ቀርተህ አታውቅም።»

አባቴ ውሃ ጠጣና ተነሣ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ቀናት ሁለቱ ሲነጋገሩ አልሰማንም፤ አንድ ከሰዓት ግን መጋረጃው ጀርባ ቁጭ ብለን ማሽላ ስንለቅም የአባቴ ድምፅ መጣ።

«ሰንበቴ ቤት አለኝ» አለ።

«ቤት ነው ሰው?»

«ሰው።»

«ልጅስ?»

ሊወጣ ሲነሣ ሰማነው። እናቴም «እንግዲያው አንድ እሁድ ይዘሃት ና። ባሌን ስታበላ የከረመችውን ሰው እኔም ላብላት» አለችው። ሐያት ማሽላው ያለበትን ሰፌድ ጥላ ወደ ውጭ ወጣች።

አባቴ ዛሬ ነገ እያለ ጥርን አሳለፈ። እናቴ ግን አልረሳችለትም፤ የካቲት ሲገባ ቀኑን ራሷ ቆረጠችለት። ያን እሁድ ገና ሱብሒ ላይ ሽንኩርት ስትከትፍ አገኘኋት። ሐያት ወገቧን ይዛ በሩ ላይ ቆመች።

«እኔ ከሷ ጋር ከአንድ ትሪ አልበላም።»

«ማንም አልጠየቀሽም» አለች እናቴ ቀና ሳትል። «ነጭ ሽንኩርቱን ላጪ።»

ልኳንዳው የሸጠልን ሥጋ ያረጀ ግመል ኖሮ አልበስል አለ። የቀትሩ ዙሁር አለፈ፣ ሥጋው እንደ ገመድ ነው። ክዳኑን አትክፈቱ ስትለን የኖረችው እናቴ ደጋግማ ከፈተችው፤ በማንኪያ ጫን አድርጋ ታያለች፣ ትገጥማለች፣ ግቢውን ዞራ ትመጣና ደግሞ ትከፍታለች። እኔም ከጓዳ ወደ በር፣ ከበር ወደ ጓዳ ስመላለስ ዋልኩ። ዓሱር ላይ፣ አሥር ሰዓት ገደማ፣ መኪና ቆመ።

ከአባቴ ቀድማ የገባችው ሴት ከእናቴ በዕድሜ በጣም የምታንስ፣ ሰማያዊ ሻሽ ያሰረች፣ ልጅ ያዘለች ነበረች። ስሟ መሪማ ነው። «አካም ጅርቱ» ብላ በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጠችና፣ የእናቴን እጅ በሁለት እጇ ይዛ ፈገግ አለች።

«እህቱ ነዎት አይደል? ስለርስዎ ስንት ሰምቻለሁ።»

አባቴ ከኋላዋ ቆሞ መሬት መሬት ያይ ነበር። እናቴ እጇን አላስለቀቀችም።

«እህቱ አይደለሁም» አለች ቀስ ብላ። «የነዚህ ልጆች እናት ነኝ፤ ሚስቱ ነኝ። ኮቱ፣ ግቢ፤ ልጁን ፀሐይ መቶታል።»

መሪማ ዘወር ብላ አባቴን አየችው። እሱ ወደ ሳሎን አለፈ። እንግዳ የሚቀመጠው እዚያ ነበር፤ እናቴ ግን «ሥጋው ገና ነው፤ ከኔ ጋር ታኢ፣ ቁጭ በይ» ብላ ወደ ጓዳ ወሰደቻትና የምትቀመጥበት ዱካ ሰጠቻት። እኔን ማንም ውጪ ስላላለኝ ከሰሉ አጠገብ ቀረሁ።

«ወላሂ አላወቅሁም፣ እትዬ» አለች መሪማ፣ እንባዋ እየወረደ። «ፈትቻታለሁ፣ ልጆቹን የምታሳድገው እህቴ ናት ነው ያለኝ። አባቴም ይህን ሰምቶ ነው የዳረኝ።»

«አውቄያለሁ። በሩ ላይ ፊትሽን ሳይ ነው ያወቅሁት።»

«አሁን ምን ልሁን?»

«መጀመሪያ እንብላ» አለች እናቴ።

ድስቱ ይንተከተክ ነበር። እናቴ ብዙ ቆይታ ክዳኑን ከፈተች፣ በማንኪያ ከመረቁ ጨለፍ አድርጋ፣ እፍ እፍ ብላ አቀዘቀዘችና ለመሪማ ዘረጋችላት።

«ጨው ቅመሺልኝ። ዛሬ አፌ አይለይልኝም።»

እናቴ ወጧን ለሰው ስታስቀምስ አይቼ አላውቅም ነበር። መሪማ እንባዋን በሻሿ ጫፍ ጠርጋ ቀመሰች። «ጨዉ ደህና ነው» አለች፤ ጥቂት ቆይታም «ኮረሪማ ትንሽ ይፈልግ ይመስለኛል» አለች። እናቴ ኮረሪማውን አቀበለቻት።

ልጁ፣ ከማል ይባላል፣ ረሃብ ጠንቶበት ማልቀስ ሲጀምር ሐያት ከግቢ ገባች። ማንንም ሳታይ እንጀራ ቆርሳ፣ መረቅ አስነክታ፣ ከመሪማ ጀርባ እንደታዘለ ታጎርሰው ጀመር። ልጁ አፉን ከፍቶ ሲጠብቃት አገጩ ልክ የአባቴ ነበር። ሐያትም ይህን ያየች ይመስለኛል፤ እጇን አየር ላይ ቆም አድርጋ እንደገና አጎረሰችው።

ሥጋው ለስልሶ ከአጥንቱ የተላቀቀው መግሪብ ሊል ሲል ነው። ሁልጊዜ ከአባታችን ጋር ከአንድ ትሪ እንበላ ነበር፤ ያን ቀን እናቴ ትልቁን ትሪ ጓዳ ውስጥ ዘርግታ ትንሹን ለአባቴ እንዳደርስ ሰጠችኝ። ይዤለት ስገባ «እናንተስ?» አለኝ። «እኛ እዚያ ነን» አልኩት። በኋላ ትሪውን ላነሣ ስመለስ ሁሉንም በልቶ ጨርሶ ነበር፤ ርቦት እንደሆነ ወይ ዓይኑን የሚያሳርፍበት ሌላ ነገር አጥቶ እንደሆነ እስካሁን አላውቅም።

መሪማ ያን ማታ ወደ ሰንበቴ አልተመለሰችም። ከኛ ጋር አደረች፤ ማለዳ እናቴ ሻሿን አጥብቃ እሷን ይዛ ሽማግሌዎች ዘንድ ሄደች። ሽማግሌዎቹ አባቴ ሁለቱንም እንዲያስተዳድር ሊያስማሙ ቢሞክሩ፣ እናቴ «ሸሪዓው ሁለት ሚስት ፈቅዷል፤ ውሸትን ግን የት ላይ ፈቀደ?» አለቻቸው አሉ። ክረምት ሳይገባ መሪማ ፍቺዋን ይዛ ሰንበቴ ላይ በርበሬና ቅመም መሸጥ ጀመረች። እናቴ ለኛ ስትል ከአባቴ ጋር ቀረች። አባቴ የሰንበቴን ገበያ ትቶ እዚያው ከሚሴ ይነግድ ጀመር፤ እሁድ እሁድ ቤት ይውልና ግቢውን እየዞረ፣ ጓዳውን ብቅ ብሎ እያየ፣ «አልደረሰም?» ይል ነበር። እናቴ ሲደርስ ትጠራዋለች፤ ከዚያ የበለጠ አታወራውም። ከማል ካደገ በኋላ ትምህርት ሲዘጋ እኛ ጋ ይከርም ነበር፤ መሪማም ልታደርሰውና ልትወስደው ስትመጣ ከእናቴ ጋር ጓዳ ቁጭ ብለው ሲያወሩ ይውላሉ።

አባቴ ካረፈ ቆይቷል፣ እናቴም አርጅታለች። ያኔ እኔና ሐያት መሪማን ምን ብለን እንደምንጠራት አናውቅም ነበር፤ የእንጀራ እናት እንዳንላት እናታችን አለች፣ እንግዳ እንዳንላት ወንድማችንን ወልዳለች፤ ስለዚህ «እስዋ» እያልን ብዙ ክረምት አሳለፍን። አሁን ኢድ ሲደርስ ልጆቼ «አያታችን መሪማ መጣች» ብለው ሮጠው ቦርሳዋን ይቀበሏታል፤ በየት በኩል እንደምትዛመዳቸው አንድም ቀን ጠይቀውኝ አያውቁም። እኔ ግን አንድ ቀን ይጠይቁኛል እያልኩ በየዓመቱ መልስ አሰናዳለሁ፤ እነሱ ቦርሳውን ከፍተው ቴምሩን እየተካፈሉ ነው።