ጸሐዬ የሮማ ብር ሲመረምር

በአሮጌው ባቡር ጣቢያ አጠገብ የብር ጌጥ የሚሠራው ጸሐዬ፣ በአርባ ዓመት ጉርብትናችን አንድ ቀን እንኳ «ተሳስቻለሁ» ሲል ሰምቼው አላውቅም። የሠራው ቀለበት ለደንበኛ ቢጠብብ ጥፋቱ የጣቱ ነው። እኔ ከሱቁ ጋር ግድግዳ ተጋርቼ ሰዓት ስለምጠግን፣ የማወራው የሰማሁትን ሳይሆን የተሰቃየሁበትን ነው።

አባቱ የምድር ባቡር መካኒክ ነበሩ፤ ያወረሱት አንድ ትንሽ ሚዛንና አንድ ጥበብ ነው። ድሮ የባዕድ ንግሥት ምስል ያለበት ጠገራ ብር እውነተኛነቱ የሚታወቀው ደረቷ ላይ ባለው ጌጥ ያሉት ሉሎች ተቆጥረው ነበር። ዘጠኝ ከሞሉ እሰየው፤ ከጎደሉ ብሩም ባለቤቱም ቀጣፊ ናቸው። ጸሐዬ ሁሉንም ነገር በዚህ ጥበብ ይመዝናል፤ ሐብሐብ ሲገዛ እንኳ መስመሩን ይቆጥራል።

ባለፈው ሚያዝያ ደምመላሽ የሚባል የከባድ መኪና ሹፌር ሁለት ትንንሽ የብር ሳንቲሞች ይዞ መጣ። መንገድ ላይ በትርፍ ጎማ ለውጧቸው ነው።

«ጋሽ ጸሐዬ፣ የጥንት ሮማ ናቸው ብለውኛል። አንዱን ለእጮኛዬ አባት ልሰጥ ነው። ሰውየው የታሪክ መምህር ናቸው፤ ከተሸወድኩ ልጃቸውንም አይሰጡኝ!»

አጉሊ መነጽሬን ላውስህ ስለው ጸሐዬ ተቆጣ። አንደኛው ሳንቲም እንደ ብስኩት ክብ ነው፤ ጠርዙን የከበቡት ነጠብጣቦች አንድም አልጎደሉ። የሌላው ጠርዝ ተሰነጣጥቋል፤ የተቀረጸበት የንጉሥ ፊት ወደ አንድ ወገን ሸሽቷል፣ ነጠብጣቦቹም ግማሾቹ የሉም። ጸሐዬ ጮክ ብሎ ቆጠረ፤ ጠፋበትና እንደገና ቆጠረ።

«ክቡ እውነተኛ! ይሄኛው የሰነፍ ቀጣፊ ሥራ!» ብሎ ፈረደ። ደምመላሽ ውዳቂውን ለድካሙ ትቶለት ሄደ፤ ጸሐዬም የሚወዛወዝ ጠረጴዛውን ደገፈበት።

ወዲያው ኡሙልኸይር ሰዓቷን ልትወስድ መጣች። ፈረንሳይ አገር የጥንት ሳንቲም ያጠናች ናት፤ ጸሐዬ ሊፎክርባት ሁሉንም አወራላት። እሷ ግን ተንበርክካ ጠረጴዛው ሥር ገባች።

«ጋሼ፣ የሮማ ሳንቲም በመዶሻ እየተመታ ነው የሚሠራው። ፊቱ መሸሹ፣ ጠርዙ መሰንጠቁ የዚያ ምልክት ነው። ክቡስ ጠርዙ ላይ ዙሪያውን የሚሄድ ቀጭን መስመር ነበረው?»

«እንዴት ያምር ነበር!»

«መስመሩ ብር ቀልጦ የፈሰሰበት የሁለት ቅርጽ መጋጠሚያ ነው። ወላሂ ፎርጅድ!»

ነገሩ እዚያው ቢቀር ማንም አያውቅም ነበር፤ እኔን እንደሆነ ማን ያምነኛል? ግን ለጸሐዬ የደምመላሽ ሠርግ መበላሸት ታየው መሰለኝ፣ ሳንቲሟን መንጭቆ በነጠላ ጫማ ወጣ። ስልክ ቁጥሩን አልያዝንም፤ ሚኒባስ ይዘን ከከተማ ውጭ ወዳለው የከባድ መኪና ማቆሚያ ነጎድን።

የተሰለፉት መኪኖች ሁሉም ነጭ ናቸው። ጸሐዬ የመጀመሪያውን በር ደብድቦ፣ በመስታወቱ ነጸብራቅ ውስጡን ሳያይ፣ «ተሳስቻለሁ!» ሲል ጮኸ። የማናውቀው ሹፌር «እግዜር ይፍታህ» ብሎ መስታወቱን ዘጋ። በየመኪናው እንዲሁ ሲጮኽ ቆይቶ፣ ደምመላሽን ያገኘነው በአሥራ አንደኛው ላይ ነው።

ልጁ የተሰነጠቀችውን ተቀብሎ የጸሐዬ አንገት ላይ ተጠመጠመ። «ጋሽዬ፣ ክቡን ይዤ ብሄድ እኮ ውሻ ይለቁብኝ ነበር!»

ወሬው በስልክ ቀድሞን ደርሶ ኖሮ፣ ስንመለስ ሚስቱ አሰገደች ሱቁ በር ላይ ቆማለች።

«አሥራ አንድ ጊዜ ተሳስቻለሁ አልክ አሉ?»

«አልኩ።»

ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«በል እንግዲህ አፍህ ከፈታ፣ ከሠርጋችን ቀን እንጀምር።»