ከማን አፍ ሰማኸው?

አብዱልሃፊዝ ቡታጅራ ገበያ ዳር ሬዲዮና ስልክ መጠገን ከጀመረ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው። ሚስቱ ከሞተች ስድስት ዓመት ሆኗታል፤ ልጆቹ አዲስ አበባ ለንግድ እንደገቡ ቀሩ። የጠገነውን ሬዲዮ በዜና ሰዓት ይከፍትና ጥያቄውን ይጀምራል። «መንገዱ ተመረቀ አሉ፤ የቱ ጋ ይሆን?» «ሕዝቡ ደስታውን ገለጸ አሉ፤ አንተን ጠይቀውሃል?» ሰው ይህን ጠባዩን አይወድለትም። ዜና እንደ ቀረበ ምግብ ነው፤ ካልጣመህ እጅህን ታነሳለህ እንጂ ወጥ ቤት ገብተህ ድስት አትከፍትም። እሱ ግን ይከፍታል።

ስለዚህ አመሻሹ ላይ፣ ከአስር ሶላት በኋላ፣ ሱቁ ብቅ የሚልለት አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የበርበሬ ነጋዴው ሙባሪክ። ሙባሪክ ለፖለቲካ ደንታ የለውም። በርጩማ ስቦ ይቀመጣል፣ ከልብሱ በማይለቀው በርበሬ ያስነጥሳል፣ ሲጠየቅም «እኔ ምን አውቄ» ይላል። ለአብዱልሃፊዝ ይህችው ትበቃው ነበር። ቀኑን ሙሉ ሌላ መልስ የሚሰጠው አልነበረም።

ምርጫ ሲቃረብ አንድ ዜና ተነገረ። ከከተማው ዳር ያለው የዘይት ፋብሪካ ለአንድ ፓርቲ ዳጎስ ያለ ስጦታ ሰጠ፤ ሠራተኞቹም «በሙሉ ፈቃዳቸው» የወር ደመወዛቸውን ጨመሩበት ተባለ። በዚያው ሳምንት የሙባሪክ ልጅ ነዒማ፣ እዚያው ፋብሪካ ማሸጊያ ክፍል የምትሠራው፣ የተሰበረ ስልክ ይዛ መጣች።

«ነዒማ፣ ደመወዝሽን ለፓርቲ ሰጠሽ አሉ። እውነት ነው?»

«ኧረ ጋሼ፣ ማን ጠየቀን? ተቆርጦ ነው ያገኘነው» ብላ ሳቀች። በማግስቱ ስልኳን ወሰደች።

እዚህ ላይ ቢተወው ምን ነበረበት። ሰውዬው ግን መተው አያውቅበትም። እሁድ ዕድሩ ተሰብስቦ፣ የዕድሩ ዳኛ ሃጂ አብዶ ፋብሪካውን «ለጋስ ጎረቤት» እያሉ ሲያመሰግኑ እጁን አወጣ።

«የሰጠው የራሱን ነው ወይስ የሠራተኛውን? ደግሞስ ፋብሪካ ለፓርቲ ሲሰጥ ምን ሊቀበል ነው? ሠራተኞቹ አልተጠየቅንም ይላሉ።»

በዚያ ጉባኤ አንድ ወግ አለ። ባለቤት የሌለው ወሬ አይቀመጥም። ሰማሁ ያለ ሰው የሰማበትን አፍ ይጠራል፤ ካልጠራ ሐሜተኛ ተብሎ ይቀጣል። አባቶች ሰውን ከሐሜት ለመጠበቅ ያበጁት ደግ ሥርዓት ነው፤ በጠፋ በግና በተገፋ ድንበር ላይ ሲሠራ ኖሯል።

«ከማን አፍ ሰማኸው?» አሉት ሃጂ አብዶ።

አብዱልሃፊዝ ዕድሜውን ሙሉ ይህንኑ ጥያቄ ሬዲዮን ሲጠይቅ የኖረ ሰው ነው። ተራው ደርሶ እሱ ሲጠየቅ መሸሽ አሳፈረው።

«ከነዒማ ሙባሪክ» አለ።

ካፍ ከወጣ አፋፍ። ሙባሪክ ሁለት ሰው አልፎ ተቀምጦ ነበር፤ ዞሮም አላየው።

ሰኞ ወሬው ፋብሪካው ደርሶ ነዒማ ቢሮ ተጠራች። ሐሙስ አብዱልሃፊዝ የሰው ሬዲዮ ጠግኖ ሲሞክር ድምፅዋን ሰማ። «ማንም አላስገደደኝም፤ ደስ ብሎኝ ነው የሰጠሁት» ትላለች፤ ከወረቀት እንደምታነብ ቆም ቆም እያለች። ከሕፃንነቷ ጀምሮ የሚያውቃት ልጅ ናት። ከጎኑ ሰው ያለ መስሎት ሊጠይቅ ቀና አለ። ማንም አልነበረም።

በሚቀጥለው ጉባኤ ሃጂ አብዶ ነገሩን አነሱት። «ልጅቷ በራሷ አፍ ተናግራለች። አንተስ ምን ትላለህ?»

ብላኛለች ቢል እንጀራዋ ይቋረጣል።

«አላለችኝም። ከራሴ ነው ያወራሁት።»

ተቀጣ፤ ቆሞም ይቅርታ ጠየቀ። አንዳንዱ ሳቀበት፤ የሰውን ወሬ ሲመረምር የኖረ ራሱ ወሬ ፈጣሪ ሆኖ ተገኘ ብሎ። ከዚያ ወዲህ ዝናብ መጣ ቢላቸው እንኳ መጀመሪያ ሰማይ ያያሉ። ይህን ቻለው። ያልቻለው የሙባሪክን መቅረት ነው። ከአስር ሶላት በኋላ ያለው ሰዓት አልገፋ አለው፤ ሬዲዮውንም መክፈት ተወ። ሙባሪክ በወዲያኛው ማዶ ያልፋል፣ «አሰላሙ ዓለይኩም» ይላል፣ ይሄዳል። አብዱልሃፊዝ የሙባሪክ ቂም እስኪበርድ ልጠብቅ ብሎ ሁለት ወር ጠበቀ።

አንድ ቀን ነዒማ ከሥራ ስትመለስ በሩ ላይ ቆመች። አልገባችም።

«ጋሼ፣ ለአባቴ ያኔውኑ ሁሉንም ነግሬዋለሁ። እርስዎ እንዳልዋሹ ያውቃል። እርስዎ የተቀጡ ዕለት ጉባኤው ላይ ተቀምጦ፣ እያወቀ ዝም ማለቱ ነው የከበደው። ምን ብዬ ፊቱን አየዋለሁ ይላል።»

«አልተቀየምኩትም በይው።»

«እንደማይቀየሙትማ ብየዋለሁ፤ እሺ አላለኝም» አለችና ሄደች።

ቁጣ ቢሆን ሽማግሌ ይላክ ነበር። አፍሮ ለቀረ ሰው ግን ማን ይላካል? አብዱልሃፊዝ ይህን የሚጠይቀው ሰው አጣ።