ሰባት ክንድ ሰማያዊ ክር

ከዚህ በፊት ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል ያቆምኩ ነኝ፤ ከዚያ ወዲህ እስክሪብቶ የያዝኩት ለፊርማ ብቻ ነው። ሰው ፊት መናገርም አይሆንልኝም፤ ሁለት ሰው ካፈጠጠብኝ ምላሴ ይተሳሰራል። ትናንት ግን ሳጥኔን ስከፍት የናፍታሊን ሽታ ፊቴን መታኝና ከልብሱ ሥር ያቺ ጫፏ ያልሾለ መርፌ ጣቴን ነካችኝ። አልወጋችኝም፤ እንድትወጋ የተሠራች አይደለችም። ከዚያ ጀምሮ ሌላ ሥራ እጄ ላይ አልገባ ስላለ ቁጭ ብዬ ልጽፈው ነው። ስህተት ብታገኙ እለፉኝ።

ጎንደር የመጣሁት ከጃናሞራ፣ ከመካነ ብርሃን ማዶ ካለች መንደር፣ አክስቴ ዘንድ ነው። አክስቴ ቅዳሜ ገበያ ሽንኩርትና ቲማቲም ትሸጣለች። የምንኖረው በአንድ ግቢ ጓሮ፣ በተከራየናት አንዲት ክፍል ነበር። የግቢው ባለቤት ባላቸው የሞቱባቸው እስላም ሴት ነበሩ፤ የነጋዴ ልጅ፣ የነጋዴ ሚስት። በጣም ረጅም ነበሩ፤ የኛን ክፍል በር ሲገቡ አንገታቸውን ሰብረው ነው። ተከራዩ ሁሉ «እትዬ» ይላቸዋል። እሳቸው ደግሞ እኔን በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም።

«ጃናሞራ!» ይሉኛል፤ «ዛሬም ምላስሽን አገር ቤት ረስተሽው መጣሽ?»

እኔ መሬት መሬት አያለሁ። እሳቸው ይስቃሉ።

ሳሎናቸውን እጠርግላቸው ስለነበር ጠረጴዛቸው ላይ ያለውን ልብስ አውቀዋለሁ። ጠባብና ረጅም ነው፤ የጠረጴዛውን መሀል ይዞ ከጫፍ ጫፍ ይዘረጋል። ነጭ ጨርቅ ላይ በሰማያዊ ክር ተራራ በተራራ ተደርድሮበታል፤ ወጣ፣ ወረደ፣ ወጣ፣ ወረደ። እኔ ሳየው ከመንደራችን በላይ ያለው ገደል ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን አቧራውን ላራግፍ ሳነሳው ጀርባውን አየሁና ቆሜ ቀረሁ። ጀርባው ላይ ምንም የለም። አንዲት ክር እንኳ ወደዚያ አላለፈችም። እናቴ የምትጠልፈው ጥልፍ በጀርባው ቋጠሮ ብቻ ነበር።

«ምነው ቆምሽ?» አሉኝ ከኋላዬ።

የልቤን ጠየቅኳቸው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ። «ቋጠሮው የታል?»

ነገሩኝ፤ ልጃገረድ ሳሉ አባታቸው ቤት አንዲት የስዊድን ነርስ ተከራይታ ነበር። ማታ ማታ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ስትሠራ አዩ፤ እሷም አስቀመጠቻቸው፤ አስተማረቻቸው። የስዊድን ሽመና ነው የሚሉት። ሲባል ሽመና ነው እንጂ በመርፌ የሚሠራ ነው። ጨርቁ ፊቱ ላይ ጥንድ ጥንድ ሆነው ብቅ ያሉ ክሮች አሉት፤ መርፌዋ በነሱ ሥር ሹልክ እያለች ታልፋለች እንጂ ጨርቁን አትበሳም። ክሩ የሚነሳው ከጨርቁ መሀል ነው። ግማሹ ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ ከዚያ ጨርቁ ይዞርና ግማሹ ወደ ግራ ይሄዳል። አንድ መስመር፣ አንድ ክር። መንገድ ላይ ቢያልቅ መቀጠል የለም፤ ቋጠሮ የሚደበቅበት ጀርባ የለውምና።

ነርሷ አገሯ ስትገባ ሌላ አንድ ቁራጭ ከዚያው ጨርቅ፣ ከዚያው ሰማያዊ ክርም ጥቅል ትታላቸው ሄደች። ለሴት ልጄ ብለው ከናፍታሊን ጋር ሳጥን ውስጥ አስቀመጡት። ወንዶች ልጆች ብቻ ወለዱ። ልጆቹም አድገው አዲስ አበባ ሄዱ። እኔ ቋጠሮው የታል ባልኩ ማግስት ሳጥኑ ተከፈተ።

«በይ ተቀመጪ፤ ይህን ጨርቅ አልቆ ሳላየው ዓይኔ አይጥፋ» አሉኝ።

ዓይናቸው እየሄደ ነበር። የዓይን ግፊት ነው ብሎ ሐኪም ነግሯቸዋል። ግራው ከጠፋ ቆይቷል፤ የቀኙ ደግሞ በጭስ ውስጥ እንደሚያይ ሰው ሆኖ ነበር። አዲስ አበባ ሄደው ቀዶ ጥገና ሊያደርጉ ቀጠሮ ነበራቸው፤ ሐኪሙ ግን ዓይኑ ይተርፋል ብሎ ቃል አልገባም። ስለዚህ ሥራው እንዲህ ተከፋፈለ፦ ክሩን በክንዳቸው ለክተው የሚቆርጡት እሳቸው፣ መርፌውን የምይዘው እኔ።

አክስቴ ከገበያ ስትመለስ ሳሎኑ መስኮት ሥር ታየኛለች።

«ሽመና ነው አልሽኝ? መወርወሪያው የታል? ይህ ለምን ይሆናል?»

«ለምንም አይሆን፤ ደስ ይለናል» ይሏታል እትዬ በኔ ፋንታ።

«ደስታ ወጥ አይሆን!» ትልና ትሄዳለች።

እውነቷን ነበር፤ ለምንም አይሆንም። እኔ ግን በሕይወቴ እንደዚያ የወደድኩት ነገር አልነበረኝም። ክሩ በጨርቁ ውስጥ ሲሳብ የሚያሰማው ድምፅ ዝናብ ከሩቅ ሲመጣ ያለውን ይመስላል። አሁንም ስሠራ ሬዲዮ አልከፍትም።

በዚያ ሰሞን ከተማው አልተረጋጋም ነበር። አንዳንድ ቀን ተኩስ ይሰማል፤ ሱቁ ሁሉ ይዘጋል፤ ግቢው ዝም ይላል። ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው የባሕር ዳር መንገድ ከጠዳ ወዲያ ማኪና አያሳልፍም። የእትዬ ቀጠሮ አለፈ። ልጃቸው በስልክ «መንገዱ እንደተከፈተ በዚያው ቀን ውጪ» ይላቸዋል። ስለዚህ ነገ ይሂዱ ዛሬ ይሂዱ የሚያውቅ የለም። ሻንጣቸው ተዘጋጅቶ በሩ አጠገብ ቆሟል። እሳቸው ምንጣፋቸው ላይ መንገዱ እንዲከፈት ዱዓ ያደርጋሉ፤ አክስቴ ቲማቲሟ እየበሰበሰ ስለሆነ ለታቦቱ ትሳላለች። እኔ ደግሞ ጨርቁ ላይ ጎንበስ ብዬ ማኪና ሲያልፍ በሰማሁ ቁጥር ቀና እላለሁ። ዛሬ ባይከፈት እላለሁ። ከዚያ የሳቸው ዓይን ትዝ ይለኛል፤ መለስ ብዬ ይከፈት እላለሁ። መርፌዋ እጄ ላይ በላብ ትንሸራተት ነበር።

የመጨረሻዋ መስመር ቀረች። በዚያ ጠዋት ዓይናቸውን ይወጋቸው ስለነበር ራሳቸውን በሻሽ ጠፍረው ተኝተዋል።

«እትዬ፣ ክሩ ይቆረጥ» አልኳቸው ከበሩ ላይ።

«ሰባት ክንድ ቁረጪ» አሉኝ ሳይነሱ።

ሰባት ክንድ ለካሁ፤ ቆረጥኩ። ከጥቅሉ ሁለት ስንዝር ያህል ክር ተረፈ። ጣቴ ላይ ጠምጥሜ፣ ቆጣቢ ሆንኩ ብዬ ደስ አለኝ።

እኩለ ቀን ሲሆን ቀኙን ጨረስኩ ስል ክሩ አለቀ። የመጨረሻዋ ተራራ ሳትወጣ አለቀ። ግማሽ ለግማሽ ነው የተከፈለው፤ ግራውም ላይ እንደዚያው አንድ ተራራ ሊጎድል ነው። ጣቴ ላይ የተጠመጠመችውን ክር አየኋት። ያቺ ቁራጭ የቆጠብኳት አልነበረችም፤ የጎደለችው እሷ ነበረች።

«ደረስሽ?» አሉ እትዬ ከመኝታቸው።

ክሯን ከጣቴ መፍታት ጀመርኩ።

«ምነው ዝም አልሽ? ጃናሞራ?»

ግድግዳውን እየዳበሱ መጡ። ጨርቁን ከእጄ ወሰዱና በጣታቸው ከመሀል ተነስተው ሄዱ፤ ወጣ፣ ወረደ፣ ወጣ፣ ወረደ፣ ከዚያ ጣታቸው ምንም ላይ አረፈ። እዚያው ቆሙ። ያባርሩኛል ብዬ ጠበቅኩ።

«ስንት ክንድ ቆረጥሽ?»

«ሰባት።»

«ክንድሽን አምጪው እስቲ።»

ክርናቸውን ከክርኔ አገናኝተው ክንዳቸውን ከክንዴ ጎን ዘረጉት። የኔ መሀል ጣት የሳቸው ጣት የሚነሳበት ላይ ደርሳ ቆመች። ለጥቂት ጊዜ ዳበሱት። ከዚያ ሳቁ፤ ራሳቸውን ይዘው ሳቁ።

«ወላሂ የኔ ጥፋት ነው! በማን ክንድ እንደሆነ መች ነገርኩሽ!»

እኔ እያለቀስኩ፣ አገር ቤት ጨርቅ ልንገዛ ስንወጣ አባቴ ረጅም ክንድ ያለውን አጎታችንን «አያ፣ ባክህ ለክተህ ስጠን» ብሎ ለምኖ ይዞ እንደሚሄድ ነገርኳቸው። ይህን እያወቅኩ እንዴት ረሳሁት አልኩ።

«ባላገር!» አሉ እንባቸውን በሻሻቸው እየጠረጉ። «እናንተ ረጅም አጎት ስታመጡብን አባቴ ምን ያደርግ ነበር መሰለሽ? አጭር ሻጭ ይቀጥር ነበር!»

ያን ያህል አብረን ስቀን አናውቅም። ስንስቅ የግቢው በር ተንኳኳ። ማኪና ያለው ታናሽ ወንድማቸው ነበር።

«እቴ፣ ነገ ጠዋት ያሳልፋሉ ተብሏል። ተመልሶ ሳይዘጋ በጊዜ እንውጣ።»

ሳቁ ቆመ። «አልሐምዱሊላህ» አሉ፤ ግን ቀስ ብለው። ወንድማቸው ሲወጣ ጨርቁ ጭናቸው ላይ ነበር። ገበያው ዝግ ነው፤ ቢከፈትም እንደዚያ ያለ ወፍራም ክር የለም። ጥቅሉ አልቋል።

«ሳሎን ያለውን አምጪልኝ» አሉኝ።

የድሮውን፣ ነርሷ አጠገባቸው ተቀምጣ ያሠራቻቸውን ልብስ አመጣሁ። ጠርዙን በጣታቸው ፈለጉ፤ የክሩን ጫፍ በጥፍራቸው አወጡት።

«እትዬ፣ ተዉት።»

«ዝም በይ። ቋጠሮ የለው፣ ምን ያስቸግራል?»

ሳቡት። አንድ ሙሉ መስመር፣ ሳይበጠስ፣ ያን የዝናብ ድምፅ እያሰማ ወጣ። በቦታው ነጩ ጨርቅ ብቻ ቀረ። «ይህ ክር ቀለሙ አይለቅም ብላኛለች ነርሷ» አሉ ሲሰጡኝ። «ማንም አይለየውም።»

ክሩን መስኮቱ ጋ ይዤው ሄድኩ። ለቆ ነበር። የስንት ዓመት ፀሐይና ሳሙና አፍዝዞት፣ ከሳጥን የወጣው አዲሱ እንደ ማታ ሰማይ ሲሆን ይህ እንደ ቀትር ሰማይ ሆኗል። እሳቸው ግን ከስንት ጊዜ ወዲህ በደንብ አላዩትም፤ በልባቸው ያለው የድሮው ነው። አልነገርኳቸውም።

እጥረት ያለበትን ክር መዝዤ እንደገና ከመሀል ጀመርኩ። እንዳይሰበሰብ ቀስ፣ እንዳይመሽ ፈጠን። ቀኙን ስጨርስ ብርሃኑ ከመስኮቱ ወጣ፤ መብራትም አልነበረም። ጎህ ሲቀድ ተመልሼ እዚያው ተቀመጥኩ። ግራውን ስጀምር ሻንጣው ወጣ። ግማሽ ላይ ስደርስ የማኪናው ሞተር ተነሳ።

«ኧረ ሴትዮዋ ተቀምጠዋል! መንገዱ ይዘጋባቸዋል እኮ!» አክስቴ ከበር ትጮኻለች።

ወንድማቸው ጥሩንባውን ነፋ። ሁለት ተራራ ቀረኝ። ስቸኩል አንዱን ጥንድ ዘለልኩ፤ መለስኩት። አንድ ተራራ። ክሩ ደረሰ፤ እንዲያውም ተረፈ። በጥርሴ በጥሼ ሮጥኩ።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን አስቀድሜ ልንገራችሁ። መንገዱ በማግስቱ ተመልሶ ተዘጋ። እሳቸው ደረሱ፤ ቀዶ ጥገናውም ተደረገ፤ ዓይናቸው ግን አልተረፈም። ልጃቸው እዚያው አስቀራቸው። ዓመት ሳይሞላ ማረፋቸውን ወንድማቸው መጥቶ ለግቢው ተናገረ። አክስቴ ያን ቀን ገበያ አልሄደችም። እኔ ዛሬ እዚሁ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ልብስ ሰፊ ዘንድ ጠርዝ እቀመቅማለሁ፤ እሁድ እሁድ ግን መርፌዋን አወጣለሁ። ለምንም አይሆንም። ያ ልብስ ጠረጴዛዬ ላይ ነው፤ ሰው ሲያየው አንዷ መስመር ለምን ፈዘዘች ይለኛል።

በዚያ ጠዋት የማኪናው መስኮት ወርዶ ነበር። ጨርቁን አቀበልኳቸው። ፀሐይ ከግቢው ግንብ በላይ ወጥታለች። በጣታቸው ይዳብሱታል ብዬ ነበር። አልዳበሱትም። ወደ ቀኝ ዓይናቸው አስጠግተው ወደ ብርሃኑ አዞሩትና ከጫፍ ጫፍ በዝግታ አሳለፉት። ወንድማቸው መሪውን ይዞ ይቁነጠነጣል።

«ውይ!» አሉ። «ይቺ መስመር ፈዛለች። ለቋል እኮ! ዋሽታኛለች ያቺ ነርስ!»

ቀለም በጣት አይታወቅም። አይተውታል። ጨርቁን አጥፈው በመስኮቱ መልሰው እጄ ላይ አኖሩት፤ እኔ ወደሳቸው ስገፋ እሳቸው ወደኔ ገፉት። ማኪናው መንቀሳቀስ ጀመረ። ረጅሙ ክንዳቸው በመስኮቱ ወጥቶ ክንዴን ከክርኔ እስከ ጣቴ ጫፍ አንድ ጊዜ ለካው።

«ጃናሞራ፣ ባንቺ ክንድ ስምንት ነው፤ እንዳትረሺ።»